«አሌጅድ»ን አማርኛ ለማልበስ አንድ ወር

የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ያለፈውን ወር የወሰደብኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፦ «አሌጅድ»። ገና ያልተረጋገጠ፣ ግን የተባለ ነገር ላይ የሚገባው ቃል።

መጀመሪያ «ተጠርጣሪ» ብዬ ይዤው ነበር። ልምምድ ላይ አስተማሪዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝ። እኔም «ሰውየው መኪና ውስጥ ገብቶ ላፕቶፕ ወሰደ» አልኩ። መሃል ላይ የነበረችው «አሌጅድሊ» ቀርታለች። «አሁን እኮ ፈረድሽበት» አለችኝ። ቤት እስክደርስ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ተጠርጣሪ» ሰውን ነው የሚገልጸው። ክስ ሲመሠረት «ተከሳሽ» ይሆናል፣ ፍርድ ቤት ሲወስንበት ደግሞ «ጥፋተኛ»። «አሌጅድ» ግን ድርጊቱም ላይ ይገባል። «ወሰደ ይባላል» ብል ሐሜት ይመስላል። አሁን የምጠቀመው «ወስዷል በሚል ተከሷል» ወይም፣ ክስ ገና ካልተመሠረተ፣ «ወስዷል ተብሏል» ነው።

የቃሉን አመጣጥ ሳይ ደግሞ ገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ለረጅም ጊዜ የችሎት ቋንቋ ነበር። ይህም ቃል የገባው በዚያው በር ነው። የፈረንሳይኛው ሥር ከላቲን «ሊቲጋሬ»፣ ማለትም መሟገት፣ የመጣ ሲሆን ተሟግቶ ከክስ ነፃ መውጣትን ያመለክት ነበር። በድምፅ የሚቀርበው ሌላ የላቲን ቃል፣ «አሌጋሬ»፣ መልእክተኛ መላክ፣ ማስረጃ ብሎ ማቅረብ ማለት ነው። ሁለቱ ተቀላቀሉ። ስለዚህ ቃሉ ሲጀመር ጥርጣሬ የለበትም፤ ችሎት ፊት ቆሞ ቃል መስጠት ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «አሌጅድ» የሚለው «ውሸት ሳይሆን አይቀርም» አይደለም። አንድ ሰው ተናግሯል፣ ማረጋገጫው ገና ነው፣ በቃ። ድምፄንም በዚያው ልክ ማስተካከል አለብኝ።

(በነገራችን ላይ በ1362 ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ምክንያቱ ሕዝቡ ፈረንሳይኛ ስለማያውቅ ነበር። በማያውቁት ቋንቋ መዳኘት የቆየ ችግር ነው።)

ሌላው ፈተና የቃሉ ቦታ ነው። እንግሊዝኛው ቀድሞ ይናገረዋል፤ በአማርኛ «ተብሏል» የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ይጠፋብኛል። አሁን ቃሉን እንደሰማሁ ማስታወሻዬ ዳር ላይ «ተ» እጽፋለሁ። ትናንት በአንድ ረጅም ንባብ ሦስት «ተ» ጻፍኩ፤ ሦስቱንም አልሳትኩም።

ያልፈታሁት «አሌጅድ ቪክቲም»ን ነው። የአገራችን ችሎት «የግል ተበዳይ» ይላል። ቃሉ ግን ሰውየው መበደሉን አስቀድሞ ይቀበላል። ለጊዜው «ተጎድቷል የተባለው ሰው» እያልኩ ነው፤ በችኮላ ሰዓት ግን ይረዝምብኛል። ችሎት ውስጥ የምትሠሩ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?