ቁልቁለት የማይቆጥር ብስክሌት

የእኔ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዳገት እንጂ ቁልቁለት አይቆጥርም ነበር። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርጌ መስቀል አደባባይ ስደርስ፣ መሪው ላይ ያለው ማሳያ የሄድኩት 1.4 ኪሎ ሜትር ነው ይለኛል። ማታ በዚያው መንገድ ሽቅብ ስመለስ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመዘግባል። ሰፈሬን የሚያውቅ ሰው ሽቅቡ የቁልቁሉን አራት እጥፍ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ መሣሪያ ግን ድካም አይሰማውምና እንዲህ ሊል አይገባም።

ማነጻጸሪያዬ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ነበር። ካርታው ላይ መንገዱን ተከትሎ የሚሰመረውን መስመር ነው የወሰድኩት፤ ስልኩ እየተከተለ የሚመዘግበውን ጉዞ አልተጠቀምኩበትም። ስልክ መብራት ላይ ቆመንም የሳተላይት ምልክቱ ወዲያ ወዲህ ስለሚዋዥቅ ያልተሄደ ሜትር ይጨምራል። መስመሩ ለመሄጃም ለመመለሻም 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰጠኝ። ስለዚህ ማታ የሚታየው ትክክል ነው፣ የሚዋሸው የጠዋቱ ነው።

በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ የርቀት ቁጥር ከጉራ ያለፈ ጥቅም አለው። የባትሪውን መጠን የሚያሳዩት መስመሮች ብዙም አይታመኑም፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ብዙ ኃይል ሲስብ የባትሪው ቮልቴጅ ስለሚወርድ መስመሮቹም አብረው ይወርዳሉ፣ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ተመልሰው ይወጣሉ። ባትሪ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደደከመ የሚያሳብቀው በአንድ ሙሉ ቻርጅ የተሄደው ርቀት ነው። የእኔ ባትሪ 36 ቮልትና 13 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 468 ዋት ሰዓት ይሆናል። ፔዳል እየመታ ሞተሩን የሚያግዝ ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ቢፈጅ የተለመደ ነው። በዚህ ስሌት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ልሄድበት ሲገባኝ፣ ማሳያው 22 ላይ ሲደርስ ባትሪው ያልቅ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህ ባትሪ አብቅቶለታል» አለኝ አንድ ባትሪ ሻጭ ቁጥሩን ስነግረው። ባትሪውን አላየውም፣ አልለካውም፤ ቁጥሩ ብቻ በቃው። ከብስክሌቱ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ባትሪው ነውና ኪሴን ከመዳበሴ በፊት ቁጥሩን ራሱን ልመርምረው ብዬ ተለየሁት።

ማሳያው መንገዱን አያይም። ጎማው ሲዞር ማግኔት በሴንሰር ፊት ያልፋል፤ ሴንሰሩ ማግኔት ባለፈ ቁጥር አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ምቶቹ ወደ ዙር ይቀየሩና በጎማው ዙሪያ ርዝመት ይባዛሉ። ርቀት የምንለው የዚህ ማባዛት ውጤት ነው። እንግዲህ ወይ ቆጠራው ተበላሽቷል፣ ወይ ማባዣው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ስህተቱ መቼና በምን ያህል እንደሚመጣ ማጥናት ያዋጣል።

ስህተቱ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ከሆነ ጥፋቱ ማባዣው ላይ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 6.2 ካለ ማሳያው ወደ ማይል ተቀይሯል። ጎማው 26 ኢንች ሆኖ ማሳያው ላይ 20 ተብሎ ከተሞላ 10 ኪሎ ሜትሩ 7.7 ይሆናል፤ 28 ተብሎ ከተሞላ ደግሞ ወደ 10.8 ያብጣል። ስህተቱ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ የሚል፣ ጉድጓድ ሲመታ ወይም ዝናብ ሲጥል የሚብስ ከሆነ የላላ ማገናኛ ይጠረጠራል። ሴንሰሩ ከውጭ በሆነባቸው ብስክሌቶች ላይ ማግኔቱ ከጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች በአንዱ ላይ ይታሰራል፤ ጎማ ሲጠገን ተነክቶ ይዞርና ከሴንሰሩ ይርቃል። ያን ወደ ቦታው መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው።

የእኔ ከእነዚህ ከአንዱም አይገጥምም። ጠዋት በጣም ያንሳል፣ ማታ ትክክል ነው፣ በማግሥቱም እንደዚያው። ስህተቱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱ ደግሞ የመሬቱን አቀማመጥ ይከተላል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ እያዘቀዘቀች የምትወርድ ከተማ ናት። ጠዋት ስወርድ ፔዳል አልመታም፣ ሞተሩም አይሠራም። ማታ ስወጣ ሞተሩ እረፍት የለውም። ማሳያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ትቶ የሞተሩን ዙር ይሆን ብዬ የጠረጠርኩት ከዚህ ተነስቼ ነው።

ሁለቱ ለምን እንደሚለያዩ ላስረዳ። የኋላው ጎማ መሐል ላይ የተቀመጠው ሞተሬ ውስጡ ማርሽና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች አለው። ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ ጎማው ግን ሞተሩን አይጎትትም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ጎማው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ውስጥ ያለው ሞተር ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ለጋላቢው ይህ በረከት ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ብስክሌቱ ቀላል ሆኖ ይንከባለላል። ማርሽ የሌለው ሞተር ላይ ግን ሞተሩና ጎማው እንደ ባልና ሚስት አብረው ስለሚዞሩ የአንዱን መቁጠር የሌላውን መቁጠር ነው፤ እዚያ እንዲህ ያለ ስህተት ከነጭራሹ አይከሰትም።

ማረጋገጫው ግቢ ውስጥ የሚደረግ ነው። ብስክሌቱን ገልብጬ በኮርቻውና በመሪው አቆምኩት፣ ማሳያውን አበራሁ፣ የኋላውን ጎማ በእጄ ወደ ፊት አሽከረከርኩት። ጎማው ይዞራል፣ ማሳያው ዜሮ ነው። የእጅ ጋዙን ነካ ሳደርገው ሞተሩ ተነሳና የፍጥነት ቁጥሩ ወዲያው 20ን አለፈ። ጋዙን ስለቀው ጎማው ገና እየተሽከረከረ ቁጥሩ ዜሮ ገባ። መንገድም ላይ ሞከርኩት። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው ለዘብ ያለ ቁልቁለት ሞተሩን በዝቅተኛው ደረጃ አድርጌ ፔዳል ስመታ ርቀቱ ይጨምራል፤ እግሬን ሳሳርፍ ቀጥ ይላል። ከዚህ በኋላ ባትሪውን የምጠረጥርበት ምክንያት አልነበረኝም።

ማሳያዬ በቻይና ሠራሽ ብስክሌቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው፤ ሁለት ቁልፎች አብረው ተጭነው ሲቆዩ የማስተካከያ ገጾቹ ይከፈታሉ። ምንም ሳልነካ እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ይህን ማንም ባይዘልለው እመክራለሁ። ፒ1 የሚባለው ቦታ የሞተሩ የማርሽ ምጣኔ ከማግኔቶቹ ብዛት ጋር ተባዝቶ የሚሞላበት ነው፤ ያ ቁጥር ከጠፋ ሞተሩን ሳይፈቱ መልሶ ማግኘቱ አሳር ነው። ፒ2 ደግሞ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ስንት ምት እንደሚልክ የሚነገርበት ነው። የእኔ ላይ ፒ2 ዜሮ ሆኖ አገኘሁት። ዜሮ ማለት የጎማ ሴንሰር የለም፣ የሞተሩን ዙር ተከተል ማለት ነው።

የጎማ ሴንሰር የሌላቸው ሞተሮች አሉ፤ እነሱ ላይ ዜሮ ትክክለኛው ቁጥር ነው። የእኔ ግን ከዚያ ወገን አይደለም፤ ከሞተሩ የሚወጣው ገመድ ዘጠኝ ሽቦ አለው። ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑት ሦስቱ ወፍራሞች ኃይል ተሸካሚ ናቸው። ከቀጫጭኖቹ ቀይና ጥቁሩ 5 ቮልት ይመግባሉ፤ ሌላ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሞተሩ ማግኔቶች የት እንዳሉ ለሞተሩ ኃይል ለሚሰጠው መቆጣጠሪያ ይናገራሉ። ዘጠነኛው ነጭ ነው፤ ሥራው የጎማውን ዙር ማሳወቅ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ የዚህ ገመድ ማገናኛ ውሃ ገብቶበት ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ጋራዥ አሮጌውን ቆርጦ በአዲስ ተክቶልኝ ነበር። አሁን ወደዚያው ማገናኛ ተመለስኩ። አስቀድሜ ባትሪውን ነቀልኩ፤ ሲሞላ 42 ቮልት ስለሚደርስ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ጥቁሩን ፕላስተር ስፈታው ስምንቱ ሽቦዎች በየቀለማቸው ተገናኝተዋል፣ ሥራው ንጹሕ ነው። ነጩ ከሁለቱም ወገን ተቆርጦ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ ከጎን ተኝቷል።

ሄጄ የጋራዡን ባለሙያ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ነጩን ሽቦ ለምን ተዉት?»

«ልጄ፣ ያገኘሁት ማገናኛ ባለ ስምንት ነበር። ነጩ ለወሬ ነው እንጂ ለመሄድ አያስፈልግም። ብስክሌቱስ እየሄደልህ አይደል?»

እውነታቸውን ነው፣ ያለ ነጩ ይሄዳል። ማሳያው ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ፒ2ን ዜሮ ማድረጋቸውም የባለሙያ ብልሃት ነው። ቅር ያለኝ አለመንገራቸው ነው። ደግሞም ቁጥሩ ለወሬ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ሞተሩ በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት መግፋቱን ማቆም እንዳለበት የሚወሰነው በዚሁ ንባብ ነው፤ ንባቡ ከእውነቱ ካነሰ ገደቡ ዘግይቶ ይመጣል። አብረን የሳቅንበት ነገር ቢኖር የባትሪ ሻጩ ምክር ነው።

ነጩን ከመቀጠሌ በፊት ሴንሰሩ በሕይወት መኖሩን ማየት ነበረብኝ። ባትሪውን መለስኩ፤ ነጩን ለጊዜው አቆላልፌ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከጥቁሩ ሽቦ፣ ቀዩን ከነጩ ጋር አገናኘሁ። ጫፎቹ ወፍራሞቹን ሽቦዎች ወይም ቀዩን እንዳይነኩ እጅ መረጋጋት አለበት፤ እዚህ ላይ አንድ ብልጭታ መቆጣጠሪያውን ሊገድለው ይችላል። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ቴስተሩ 5 ቮልት አካባቢ ቆሞ ይቆያል፣ ድንገት ወደ ዜሮ ይወድቃል፣ መልሶ ይወጣል። የጠመኔው ምልክት ዞሮ ቦታው እስኪመለስ ስድስት ጊዜ ወደቀ። ሴንሰሩ ደህና ነው፣ በፒ2 የሚሞላውም ቁጥር 6 ነው። ይህን ሳይቆጥሩ በግምት መሙላት አያዋጣም፤ አንድ ምት ብቻ የሚልኩ ብዙ ሞተሮች አሉ። ስድስት የሚልክ ሞተር ላይ 1 ቢሞላ ብስክሌቱን በእግር እየገፉ ማሳያው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይላል።

ከዚያ ባትሪውን እንደገና ነቅዬ ነጩን በእርሳስ በየድኩት። ማገናኛው ባለ ስምንት ስለሆነ ለነጩ ለብቻው ትንሽ ማገናኛ ሰጠሁት፤ ጎማ ሲፈታ ሁለቱም እንዲለያዩ ነው። በሙቀት የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦም አለበስኩት። ገመዱን ሳስረው ከጎማው አክስል በታች ትንሽ ረገብ እንዲል አደረግኩ፤ የዝናብ ውሃ በገመዱ ተከትሎ ሞተር ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከረገበው ቦታ ይንጠባጠባል። አስቀድሞ እንዲህ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ገመዱ መቆረጥም ላያስፈልገው ይችል ነበር።

ፒ2 6 ከሆነ በኋላ ጠዋትና ማታ እኩል መጡ፣ ሁለቱም 6.1። ከካርታው ትንሽ የበለጠ መሰለኝና ማባዣውን ለማየት ፈለግኩ። ማሳያው 26 ኢንች ሲባል ዙሪያውን 207 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል አድርጎ ይወስደዋል። እውነተኛውን ለመለካት ጎረቤቴ ያሉትን የሀበሻ ልብስ የሚሰፉ ሴት ሜትራቸውን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ሜትርዎን ለአንድ አፍታ ያውሱኝ፤ ብስክሌቱን ልለካው ነው።»

«ምን ልታሰፋለት? በጥልፍ ነው በሜዳው?»

የልብስ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ መሐል ላይ ሌላ ምልክት አድርጎ ሁለት ጊዜ መዘርጋት ይጠይቃል። ጎማው መሬት በነካበት ቦታ በጎማውም በአስፋልቱም ላይ ጠመኔ አሰመርኩ፣ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጬ አንድ ሙሉ ዙር ተንከባለልኩ፣ ሁለተኛውን ምልክት እትዬ አሰመሩልኝ። መቀመጡ ለወግ አይደለም፤ ጎማ ሰው ሲቀመጥበት ጠፍጠፍ ስለሚል ዙሪያው ያጥራል፣ ከመነዳሪው አየር ሲጎድለውም እንዲሁ። 204 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እንግዲህ ማሳያው ከ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ያህል ይጨምርልኛል። የጎማ መጠን የሚመረጠው ከተዘጋጁት ቁጥሮች ስለሆነ 25.6 ብሎ መሙላት አይቻልም። ተውኩት፤ ለባትሪ ሒሳብ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም።

ባትሪው በአንድ ሙሉ ቻርጅ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርሰኛል፤ ድሮም ያደርሰኝ ነበር። ለኪሎ ሜትር 13 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ለሽሮ ሜዳ ዳገት የሚያስከፋ አይደለም።

ያልተስተካከለው የብስክሌቱ ጠቅላላ ርቀት ነው። ማሳያው የሚያስቀምጠው ያ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ አይታረምም፤ ከጥገናው በኋላ የነበሩት ቁልቁለቶች በሙሉ ከውስጡ ጠፍተዋል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሻጩ ቁጥሩን ሲያሳየው የኋላውን ጎማ ብድግ አድርጎ፣ ማሳያው በርቶ ሳለ በእጁ ያሽከርክረው። ማሳያው ዝም ካለ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ትቶ የፍሬኑን ሸራ፣ የካቴናውን መርገብና የጎማውን ጥርስ ይመልከት።