አዛውንቱን ጎመን አጎረስኋቸው

ዛሬ ዛንዚባር ውስጥ አንድ አዛውንት ጎመን አጎረስሁ። አዛውንቱ ኤሊ ናቸው።

ከስቶን ታውን በጀልባ ቻንጉ ደሴት ወረድን (ማዕበሉን ባላነሣው ይሻላል)። የኤሊው ጀርባ ላይ በሰማያዊ ቀለም 158 ተብሎ ተጽፏል፤ ዕድሜያቸው ነው። ዓይኔ የቀረው ግን የመጨረሻዋ 8 ላይ ነው። ቀለሟ ከሁለቱ ቁጥሮች ይልቅ ወፍራም ነው፤ ከሥሯ የ7 ጭራ ብቅ ብሏል። «በየዓመቱ ትጽፈዋለህ?» አልሁት ጠባቂውን። «አንድ ብቻ ነው የምጨምረው» አለኝ እየሳቀ።

አያቴ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣልያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ትል ነበር። ከዚያ በኋላ የቆጠረላት ሰው የለም።

የኤሊዎቹ መነሻ ሲሸልስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 አራት ሆነው በስጦታ መጡ። አስጎብኚው ግን ወደ እስር ቤቱ እየጎተተ አስቸገረን። ደሴቱም «ፕሪዝን አይላንድ» (የእስር ቤት ደሴት) ተብሎ የሚጠራው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተሠራው ይህ ግንብ አንድም እስረኛ ሳይገባበት የቢጫ ወባ ማቆያ ሆኖ ቀረ። አምስት ደቂቃ አየሁትና ወደ አዛውንቱ ተመለስሁ። ጎመኑ ገና አላለቀም ነበር፤ አንገታቸውን ሳሻቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀና አሉ።