ሻርፑ እባብ የሆነበት ሰሞን

የተነሳሁት ሻርፕ ልሠራ ነው። እባብ ሆኖ አረፈው።

የእህቴ ልጅ 6 ዓመት ሊሞላው ነበር። መጫወቻውማ ሞልቶታል፤ ዘንድሮ በእጄ የሠራሁትን ነገር ልስጠው አልኩ። አረንጓዴና ቢጫ ክር፣ 5 ሚሊ ሜትር የሹራብ መርፌ፣ ወርዱ 36 ቀለበት፣ በየ12 መስመሩ ቀለም መቀየር። ሻርፕ እኮ እጅጌ የለው፣ ክሳድ የለው። ምን ያስቸግራል?

እስከዛሬ የሠራሁት ሁሉ ሄዶም መጥቶም አንድ ዓይነት የሆነውን፣ ጎርበጥበጥ የሚለውን ነው። ይሄኛው ግን ፊቱ ልሙጥ እንዲሆን ፈለግኩ። በፊት በኩል አንዱን አሠራር፣ ሲገለበጥ ደግሞ ተቃራኒውን። ቪ ቪ የሚመስሉት ቀለበቶች እንደ ጉንጉን ተደርድረው ሲወጡ በጣም ያምራሉ። አንድ ስንዝር እስክደርስ በራሴ ስደነቅ ነበር።

ከዚያ ጠርዙ መጠቅለል ጀመረ። በግራም በቀኝም ወደ ኋላ ይጠቀለላል። በእጄ ዘርግቼ ስለቀው፣ ጥቅል! መጽሐፍ ጭኜበት አደርኩ። ጠዋት መጽሐፉን ሳነሳ፣ ጥቅል!

ምክንያቱን ያጣራሁት በኋላ ነው። ልሙጡ አሠራር ፊቱና ጀርባው እኩል አይደሉም። ጉብጉቡ በሙሉ በጀርባ በኩል ስለሚሰበሰብ ጨርቁ ሚዛኑን ያጣል፤ ጎንና ጎኑ ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ደግሞ ወደ ፊት ይታጠፋል። ያ የናቅኩት ጎርባጣው ግን ጉብጉቡን ለሁለቱም ፊት እኩል ስለሚያካፍል ዝርግ ብሎ ይተኛል። ይህን ሳውቅ ሦስት ልቃቂት ወደ ማለቁ ተቃርቧል።

እጅ አልሰጠሁም። አርጥቤ በስፒል ወጠርኩት። ክሩ ሱፍ ቢሆን ውሃው ትንሽም ቢሆን ልብ ያስገዛው ነበር፤ የኔው አክሪሊክ ነው። ሲደርቅ ወደ ጠባዩ ተመለሰ። ካውያስ? ደግነቱ መጀመሪያ በመሞከሪያ ቁራጭ ላይ አየሁት። አብለጨለጨና ልምሽሽ አለ። አክሪሊክ ለካ ያው ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት አንዴ ካገኘው አይመለስም።

በቃ ልተረትረው ወሰንኩ። መርፌውን ልነቅል ስል እህቴ ገባች።

«ምንድን ነው እሱ? እባብ ነው?»

ለሹፈት ነው ያለችው። እኔ ግን እጄ ባለበት ቆመ። ልጇ እኮ ስለ እባብ ሲያወራ ትንፋሽ አይወስድም። እና እኔ ምን ሆኜ ነው ይሄን ነገር በግድ ዝርግ ካልሆንክ ብዬ የምታገለው?

ከዚያ በኋላ መጠቅለሉን አጥብቄ ወደድኩት። ቁመቱን 120 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆምኩ፤ ሲሮጥ የሆነ ነገር ላይ እንዳይጠመጠምበት ረጅም አላደረግኩትም። 288 መስመር ሆነ። በ36 ሲባዛ ከ10,000 ቀለበት በላይ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሂሳብ ከመጀመር በፊት ቢሠራ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ በየመስመሩ ሁለት ሁለቱን ቀለበት አንድ እያደረግኩ አሳነስኩትና ጅራት ወጣው። ራሱ ጠፍጣፋ መሆን ስላለበት ከጀመርኩበት ጫፍ ቀለበት አንስቼ በዚያችው በናቅኳት ጎርባጣ አሠራር ሠራሁት። ምላሱ ቀይ ነው፣ ጫፉ ሁለት ቦታ የተከፈለ። ዓይኑ ሁለት ጥቁር ቁልፍ፣ በደንብ ተሰፍቶ።

የቀረው የክር ጫፍ ነበር። 24 ቀለም ሲፈራረቅ በየቀለሙ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አንድ ጭራ ይንጠለጠላል። 48! ክሩን ሳይቆርጡ በጠርዙ በኩል ይዞ መሄድ እንደሚቻል የነገሩኝ ሁሉም ነገር ካለቀ ነው። አስራ ምናምኑን በወፍራም መርፌ መልሼ ከሸጎጥኩ በኋላ ወገቤ እምቢ አለ። የቀረውን አሰርኩና በጥቅልሉ ውስጥ ተውኩት። የእባብ ሆድ ውስጥ ማን ያያል?

ስሰጠው አልጮኸም። እንደዚያ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ ዓይኖቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«የዓይን ቆብ አልሠራሽለትም፤ ጎበዝ» አለኝ። «እባብ ዓይኑን አይከድንም።»

አውቄ እንደተውኩት ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። ምላሱን ደግሞ ሽታ የሚሰበስብበት ነው ብሎ አስረዳኝ፤ ይሄኛውን እንኳ አውቀው ነበር። አንገቱ ላይ ጠመጠመው፣ አወለቀው፣ ወለሉ ላይ አንፏቀቀው። ከዚያ ጥቅልሉን በሁለት እጁ ይዞ ከላይ እስከ ታች ከፈተው። አረንጓዴና ቢጫው የክር ጭራ ሁሉ ተዘረገፈ።

እህቴ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ልጁ ግን አጎንብሶ አንዱን ጭራ ሳብ አደረገና፣ «ውይ» አለ በሹክሹክታ፣ «አንጀትም ሠርተሽለታል?»