ከመስቀል የተረፈ አደይ ለበር ጌጥ

ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ፒያሳና አራት ኪሎ መንገድ ዳር በእቅፍ የሚሸጠው አደይ ከበዓሉ ማግስት ቆሻሻ ላይ መጣሉ ያሳዝናል። ቢጫው ሳይደበዝዝ ማቆየት ይቻላልና።

አደይን እንደ ጽጌረዳ ዘቅዝቃችሁ አታድርቁት፤ ስስ ስለሆነ ይጨማደዳል። የሚያዋጣው መጫን ነው። ገና ሳይጠወልግ ከግንዱ ቀንጥሱት፣ መሃሉን በአውራ ጣት ጠፍጠፍ አድርጉት፣ ፊቱን ደፍታችሁ ሳይነካኩ በጋዜጣ መካከል ደርድሩ። ከላይ 5 ኪሎ ያህል መጽሐፍ ጫኑበት። ጋዜጣውን የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በየቀኑ ቀይሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የክረምቱ እርጥበት ገና አልለቀቀም፣ ያልተቀየረ ወረቀት ይሻግታል። ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ አንዱን በወረንጦ አንሱት። ከተልፈሰፈሰ አልደረቀም፤ ቀጥ ካለ ደርሷል።

አበባው ተለጥፎበት በር ላይ የሚሰቀለው ክብ ከባህር ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ይሠራል። 90 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 5 ወይም 6 ቀጫጭን ቅርንጫፎች በተቆረጡበት ቀን አንድ ላይ ክብ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ ካደሩ ይሰበራሉ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቀጭን ሽቦ እሰሩ። እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ማሰሪያው ይላላል፤ ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ አጥብቁት። አበባው የሚለጠፈው ከዚያ ወዲያ ነው፣ በጠብታ ነጭ ኮላ።

ፀሐይ ቢጫውን ታነጣዋለች፤ ጥላ ያለበት በር ምረጡ። ሻማ አጠገብ ግን በፍጹም አይሁን፤ የደረቀ ባህር ዛፍ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል።