ጅቡቲን ከድሬዳዋ

ድሬዳዋ የሄድኩት ጅቡቲን ለመረዳት ብዬ ነው። ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ የምንሸጠው ኤሌክትሪክ የሚሄደው ከዚህ በሚነሳው መስመር ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ከሲቲ ዞን ከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃም ድንበር ተሻግሮ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ፕሬዚዳንት እስማኤል ኦማር ጌሌ ራሳቸው በ1947 የተወለዱት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ትንሿን አገር ከወታደራዊ ሰፈሮቿ አጥር ሥር ሆነው የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ከጎረቤት ደጅ ማየት ፈለግሁ።

አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ራቅ ይላል። በባጃጅ ከዚራ ገባሁ፤ የመንገዶቹ የዛፍ ጥላ የአዲስ አበባን ሰው ያስቀናል። ከተማዋን የወለደቻት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደ በሜዳው በኩል መጣና በ1902 እዚህ ደረሰ። የድሮው የጥገና ክፍል ዛሬም አለ። አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ አስጎበኙኝ። ድሬ ላይ ትልቅም ትንሽም «አንተ» ይባባላል፤ እኔ ግን «ጋሼ» ማለቴን አልተውኩም። በቅባት የጠቆረ ቶርኖ አጠገብ ቆመው እጀታውን በመዳፋቸው ጠረጉና ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ከአፍታ በኋላ የማሽኑ ጥርሶች ተያይዘው ተንቀሳቀሱ። «አየህ? ይሠራል» አሉኝ።

ስለ ጅቡቲ ነፃነት ጠየቅኋቸው። «ስልሳ ዘጠኝን የማያውቅ ድሬን አያውቅም» አሉ በእኛ አቆጣጠር። «ድልድይ ፈርሶ ባቡሩ ቆመ። እህቴ እዚያ ነበረች። አገሩ ነፃ ወጣ ሲባል በሬዲዮ ሰማን፤ የእሷን ወሬ ግን የሚያመጣልን አልነበረም።»

የጅቡቲን ፖሊሲ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው። በሁለት ወር ውስጥ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጅ ደርሶ ነበር። በሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ካሉት የኮከቡ አምስት ጫፎች አንዱ ጅቡቲን የሚወክል ነበር፤ ኢትዮጵያም በንጉሡ ዘመን የይገባኛል ጥያቄ ታነሳባት ነበር። ግራና ቀኟ ጦርነት ላይ ያለ፣ ሁለቱም ተዋጊዎች የሚመኟት አዲስ አገር የፈረንሳይን ጦር አትውጣ ማለቷ ሊያስገርመን አይገባም። ያን ጦር ያስፈለጋት እኛንም ስለፈራች ነው፤ ይህን ሳንሸሽ መቀበል አለብን።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተከታተሉ። አሜሪካ ከመስከረም 2001 ጥቃት ወዲህ ለሞኒየር ሰፈር ገባች። ጃፓን በ2011 መጣች፤ ጣሊያን ተከተለች፤ ቻይና በ2017 የመጀመሪያውን የባሕር ማዶ ጦር ሰፈሯን እዚያው ከፈተች። ኪራዩ ገንዘብ ያመጣል። የእንግዶቹ ብዛትም አንዱ ብቻውን ጌታ እንዳይሆን ያደርጋል። ይህ ብልሃት መሆኑን አልክድም።

ድንበር ላይ ግን የብልሃቱ ልክ ይታያል። በ2008 ጅቡቲና ኤርትራ በራስ ዱሜራ ሲዋጉ ፈረንሳይ በስንቅ፣ በሕክምናና በመረጃ ረዳች፤ ጠቡን ግን አላበረደችውም። አሸማግላ ወታደሮቿን መሃል ያስገባችው ኳታር ናት። ሰኔ 2017 ሳዑዲ ዓረቢያና አጋሮቿ ከኳታር ጋር ሲጣሉ ጅቡቲ ከሳዑዲ ወገን ቆማ ከኳታር ጋር ያላትን ግንኙነት ዝቅ አደረገች። ኳታር በቀናት ውስጥ ወታደሮቿን ከድንበሩ አወጣች። የኤርትራ ጦር ዱሜራን ያዘ ብላ ጅቡቲ ከሰሰች። ሀብታም ወዳጅን ለማስደሰት የተከፈለው ዋጋ የተቆረጠው ከጎረቤት ድንበር ላይ ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ አዝናለሁ፤ ሌላ ምርጫ ነበራት ለማለት ግን ይቸግረኛል።

ከሰዓት በኋላ ደቻቱን ተሻግሬ ቀፊራ ገበያ ገባሁ። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ከጅቡቲ ስለሚመጣው ሽርጥና ሽቶ እየነገረችኝ ከመሳቢያዋ የጅቡቲ ፍራንክ አወጣች። «ይኼ አይወርድም አይወጣም፤ የእኛን ግን ታውቀዋለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፍራንኩ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1970ዎቹ ወዲህም አንድ ዶላር 178 ፍራንክ ገደማ ነው። ገንዘቧን ከዋሽንግተን አስራ፣ ባቡሩን በቻይና ብድር ዘርግታ፣ ለእራቷ ቲማቲምና ሽንኩርቱን ከእኛ ትጠብቃለች። የአወዳይ ጫትም በየቀኑ ትኩስ እንዲደርስላት ትፈልጋለች። አንድ ቀን ቢቀር የጅቡቲ ከተማ ቶሎ ያውቀዋል።

እኛም ከኤርትራ ጦርነት ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዳችን የሚያልፈው በእሷ ወደብ ነው። ስለዚህ ሌላ ወደብ ፈለግን ስንል ጅቡቲ ትሰማለች። በጥር 2024 መጀመሪያ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ስንፈርም ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ቀጠናው ተናወጠ። ከወራት በኋላ ጅቡቲ የታጁራን ወደብ አስተዳደር ለኢትዮጵያ ለመስጠት ሐሳብ አቀረበች። አምስት ኃያላን ጦር ያሰፈሩባት አገር ሁለት ጎረቤቶቿ እንዳይዋጉ ብላ ከራሷ ዳርቻ ወደብ ስታቀርብ፣ ያንን ሐሳብ አዲስ አበባ ላይ ከሚሰጠው ትኩረት የበለጠ ይገባዋል እላለሁ። ጡረተኛው ሰውዬ ይህን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ታጁራ ሐዲድ ይሠራ እንደሆን።