የሂቢስከስ አበባ አንገቱን ሲደፋ

ሲፈካ የዋለ ሂቢስከስ በማግስቱ ተጠቅልሎ አንገቱን ቢደፋ አትደንግጡ፤ የአብዛኛው ዝርያ የአበባ ዕድሜ አንድ ቀን ነው። የሚያሳስበው ቅጠሉም አብሮ ሲጠወልግ ወይም እምቡጡ ሳይፈካ ሲረግፍ ነው።

ያኔ ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደርቆ ከሆነ ከሥር እስኪንጠባጠብ አጠጡት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግን ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል ውሃ መጨመር ይገድለዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጀሪካን የተከላችሁ ታቹን 4 ወይም 5 ቦታ ብሱት፤ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋና 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ዳፕ የሚባለውን ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ አታብዙበት፤ ፎስፈረስ ሲበዛበት ብረት በደንብ መውሰድ ያቅተውና ለጋው ቅጠል ይገረጣል።

ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ደጅ ይከርማል። ደሴ ላይ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እምቡጡ ይረግፋል። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ግድግዳ ሥር አስጠጉት፣ ውሃውንም ቀንሱለት። ብርዱ ሲያልፍ ቅርንጫፎቹን ሲሶ ያህል ቁረጡ፤ አበባ የሚይዘው አዲሱ ለጋ ላይ ነውና።