ኮፒ ነው፣ እናቴ

እሁድ ረፋድ ላይ ትሪ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ሌላው አንብቦ ይለፈኝ።

የዚያን ቀን ገና ከጠዋቱ ሁለት ነገር ተበላሸ። ትዕዛዝ ወደ ኩሽና የሚልከው ማሽን 3 ሰዓት ላይ እምቢ አለ። አንዱ ባልደረባችን ደግሞ "አሞኛል" ብሎ ቀረ። (ማታውን የት እንዳመሸ ፎቶውን ሁላችንም አይተናል፤ እሱን እንተወው።) ስለዚህ ሁልጊዜ 5 ጠረጴዛ የምይዘው ሰውዬ 9 ተሰጠኝ። ማናጀሩ በዚያ ላይ በረንዳው ላይ ሁለት ጠረጴዛ ጨመረና እጁን እያፋተገ "ዛሬ ጥሩ ቀን ነው!" አለን። ለማን እንደሆነ አልነገረንም።

እሁድ ረፋድ የምናቀርበው ቁርስም ምሳም የሆነው ምግብ ብራንች ይባላል። ቃሉን በጽሑፍ ያወጣው ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ነው ይባላል። በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ነው። ቅዳሜ ማታ ሲጠጡ ያመሹ ሰዎች እሁድ በጠዋት ከሚነሱ፣ አረፋፍደው ተነስተው ቁርስና ምሳቸውን አንድ ላይ ቢበሉ ይሻላል ብሎ ነው የተከራከረው። ክርክሩ ደስ ይላል። ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ሠርቶ እሁድ ማለዳ ጠረጴዛ ስለሚወለውለው ሰው ግን አንድ ቃል የተናገረ አይመስለኝም።

ማሽኑ ሲቆም የድሮው የወረቀት ጥራዝ ከመሳቢያ ወጣ። የሠራበት ያውቀዋል። እያንዳንዱ ቅጠል ቁጥር አለው። ትጽፋለህ፣ ሰዓቱን በእጅህ ታሰፍራለህ፣ ትገነጥላለህ፣ ኩሽናው መስኮት ላይ ትሰካለህ። ማታ ካሸሯ በቁጥር ትደረድራቸዋለች። አንድ ቅጠል ከጎደለ ከአስተናጋጁ ላይ ይቆረጣል።

14 ቁጥር ጠረጴዛ ላይ እናትና ልጅ ነበሩ። እናትየው ሰባ የሚሆናቸው፣ ነጠላ የለበሱ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ልጅየዋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታ አስቀምጣለች። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። ለእናትየው አንድ ኤግ ቤኔዲክት (ዳቦ ላይ የሚቀመጥ፣ ውሃ ውስጥ ተሰብሮ የበሰለ እንቁላል ነው፤ ከላዩ ሆላንዴዝ የሚባል ሶስ ይፈስበታል)፣ ለልጅየዋ አንድ ፓንኬክ። ጻፍኩ። ቅጠል ቁጥር 31፣ 4 ሰዓት ከ40። ገነጠልኩ። ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ 6 ቁጥር ላይ አንድ ሕፃን የብርቱካን ጭማቂውን ሙሉ በሙሉ አባቱ ጭን ላይ ደፋው። አባትየው እየጮኸ ነው፣ ሕፃኑ እየጮኸ ነው፣ ማናጀሩ በዓይኑ እየጮኸ ነው። ወረቀቱን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ጨርቅ ፍለጋ ሮጥኩ። ለአንድ ደቂቃ ብዬ ነው።

5 ሰዓት ላይ እናትየው በጣታቸው ጠሩኝ። "ልጄ፣ ገና ነው?"

"እየወጣ ነው እናቴ" አልኩ። ይሄ ውሸት አልነበረም። እየወጣ መስሎኝ ነው።

እዚህ ላይ "ኩሽና ገብተህ ለምን አልጠየቅክም?" የሚል ሰው ይኖራል። የኛን ሼፍ ስለማያውቅ ነው። ሼፉ በጥድፊያ ሰዓት የት ደረሰ ብለህ ከጠየቅከው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ "አሁን ስለጠየቅከኝ አምስት ደቂቃ ተጨመረበት።" ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የእውነት ይጨምርበታል። ስለዚህ አንጠይቅም። መስኮቱ ጋ በእግር ጣታችን ቆመን በአንገታችን አይተን እንመለሳለን። እኔም በአንገቴ አየሁ። ወረቀት በወረቀት ላይ ተሰክቷል። ከእነሱ አንዱ የኔ ነው ብዬ ተመለስኩ።

5 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጅየዋ ጠራችኝ። ከእነሱ በኋላ የገባው 11 ቁጥር በልቶ ቡና እየጠጣ እንደሆነ አሳየችኝ። ትክክል ነበረች። አፌን ስከፍት የወጣው እንግዲህ ይሄ ነው፤ "ይቅርታ፣ ዛሬ ኩሽናው አስቸገረን። ሼፉ ትንሽ ቀርፋፋ ነው።"

አልዋሽም፣ ስናገረው ደስ ብሎኛል። ለብዙ እሁዶች ያጠራቀምኩት ነገር ነበር።

5 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል እናትየው እንደገና ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መድኃኒቴን ከምግብ ጋር ነው የምወስደው፤ እስኪ ቁራሽ ዳቦ ቢገኝ" አሉኝ። በጣም አፈርኩ። "አሁኑኑ አመጣለሁ" አልኩና ዳቦውን ልጽፍ ስክሪብቶዬን ከሽርጤ ኪስ መዘዝኩ።

ከስክሪብቶው ጋር ወረቀቱ ወጣ።

ሁለት ቦታ ታጥፏል። ቀስ ብሎ ወረደና እናትየው ሹካ አጠገብ አረፈ። ሲያርፍ ደግሞ ተዘረጋ። ጽሑፌ ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል፤ ያኔ ነው የጠላሁት። እናትየው መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፣ ጠረጉት፣ አደረጉት። የወሰደባቸው ጊዜ አሁንም አልወጣልኝም።

"14 ቁጥር እኛ ነን?" አሉኝ። ቁጥሩ እኮ ፊታቸው ቆሟል።

"አዎ እናቴ።"

"4 ሰዓት ከ40 ነው የሚለው?"

"አዎ።"

ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ቦታው ክፍት ነበር። "ረስቼው ነው፣ ይቅርታ" ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን አፌ ውስጥ የመጣልኝን አነሳሁት።

"ኮፒ ነው፣ እናቴ።"

"ኮፒ" አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ልጅየዋ ከወረቀቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ወረቀቱ አየች። "ምን ማለት ነው ኮፒ ነው?"

"ኮፒ ነው አለሽ እኮ" አሏት እናትየው። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ፣ በድሮው እጥፋቱ አጠፉት። "ኦሪጅናሉ ኩሽና አለ አይደል?"

"አለ።"

"እንግዲያው ይሄን እኔ ልያዘው" አሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቦርሳው ሲዘጋ ጠቅ አለ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ዓይነት ቦርሳ ሲዘጋ ስሰማ ሽርጤን እዳብሳለሁ።

ምን ላድርግ? ስጡኝ ልላቸው አልችልም፤ ኮፒ ነዋ። ሄድኩና አዲስ ቅጠል ላይ ጻፍኩት። ቁጥር 58። ሰዓቱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እውነተኛውን ብጽፍ ሼፉ ከሌላው ኋላ ያሰልፈዋል። ስለዚህ 4 ሰዓት ከ45 ብዬ ጻፍኩ። 57 ቁጥር ላይ 5 ሰዓት ከ25 የሚል አለ፤ 58 ላይ 4 ሰዓት ከ45። ይሄን ያስተዋልኩት ከሰካሁት በኋላ ነው።

ሼፉ ነጠቀው፣ አየው፣ እኔን አየኝ። ምንም አላለም። አለመናገሩ ነው ያስፈራኝ።

እንዳጋጣሚ ሆኖ ሼፉ የሆላንዴዝ ሶሱን የሚጥልበት ሰዓት ነበር። ይሄ ሶስ መከረኛ ነው። የእንቁላል አስኳልና የቀለጠ ቅቤ ነው፣ ለብ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ሙቀት ሲበዛበት አስኳሉ ይረጋል፣ ሲያንስበት ቅቤው ይደርቃል፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ ባክቴሪያ ይወደዋል። ሼፉ ሁለት ሰዓት ከሞላው ይደፋዋል፣ በዚህ እንኳ አልከሰውም። አሮጌው ተደፍቷል፣ አዲሱ ገና እየተመታ ነው። እንቁላሎቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ሶስ መጠበቅ ጀመሩ። እንቁላል ደግሞ አይጠብቅም። አስኳል 65 ዲግሪ አካባቢ መወፈር ይጀምራል፣ 70 ሲደርስ ደርቋል። በ5 ዲግሪ ነው እንግዲህ የሚፈሰው አስኳል ወደ ድንጋይ የሚለወጠው።

ሳህኑን 6 ሰዓት ከሩብ ጉዳይ ላይ አደረስኩ። እናትየው በቢላ ሲነኩት ምንም አልፈሰሰም። ነጩን በሉ፣ አስኳሉን በሥርዓት ወደ ዳር አደረጉት። የልጅየዋ ፓንኬክ ጥሩ ነበር፣ እሷ ግን ሹካዋን ያነሳችው ሁለት ጊዜ ነው። ሒሳባቸውን ሙሉ ከፈሉ። ጭራሽ ቲፕ አስቀመጡልኝ። ሲወጡ እናትየው ዞር ብለው "ሼፉን አመስግንልኝ" አሉኝ።

አላመሰገንኩላቸውም።

ማታ ካሸሯ ወረቀቶቹን ደረደረች። "31 የለም" አለች። ተቀድዶ ጣልኩት አልኳት። ሼፉ በር ላይ ቆሞ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። "58 ግን አለ አይደል? በጣም ቆንጆ ጽሑፍ ነው" አለና ሄደ። ካሸሯ ምን ለማለት እንደፈለገ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ። የዚያን ቀን የመጨረሻው ውሸት እሱ ነው፣ ብዙም አልከበደኝም። ለምጃለሁ መሰለኝ። 31 ቁጥር ተቆረጠብኝ፣ ከተወልኝ ቲፕ ትንሽ ይበልጥ ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያ ወረቀት አንድ ቦታ እንደሚወጣ እየጠበቅኩ ኖርኩ። ማናጀሩ በጠራኝ ቁጥር "መጣ" እላለሁ። ከዚያ አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ ማናጀሩ ስልኩን አወጣና ደንበኞች የጻፉትን ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

"ሁለት ኮከብ። እንቁላሉ ደርቆ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መጣ። አስተናጋጁ ግን ትሁት ልጅ ነው። የትዕዛዝ ኮፒ ሳይቀር ይሰጣል።"

ቀና ብሎ አየን። "ምን ኮፒ ነው?"

ማንም አልመለሰም። ሼፉ ጣሪያውን እያየ ነው። ከንፈሩ ግን በጣም እየታገለ ነው።

ማናጀሩ ለኩሽናው ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ፍጥነት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ኃላፊነት። ስለ ታማኝነትም ነካ አደረገ። ማሽኑ ለምን በሳምንት ሁለቴ እንደሚቆምና በረንዳው ላይ የተጨመሩትን ጠረጴዛዎች ግን አላነሳም። እኔ እጄን ማንሳት ነበረብኝ። አውቃለሁ። እጄ ግን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ሼፉ ያን ሁሉ ስድብ በኔ ፈንታ ቆሞ ሰማ፣ አንዴም ወደኔ አልጠቆመም። ይሄ ሰውዬ በጠየቅነው ቁጥር አምስት ደቂቃ ባይጨምር ኖሮ ጠይቄው ነበር፤ ጠይቄው ቢሆን ወረቀቱ ኪሴ እንዳለ በ5 ሰዓት አውቅ ነበር። እንደዚያ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ማናጀሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለነገሩ ይሄ የኮፒ ነገር ጥሩ ሐሳብ ነው" አለ። "ማሽኑ ሲቆም ለሁሉም ደንበኛ እንስጥ። ባለ ሁለት ቅጠል ጥራዝ አሳትማለሁ።"

አሳተመ። ነጩ ለኩሽና፣ ቢጫው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ደንበኛው ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል፣ ሲረፍድ በጣቱ ያሳየናል፣ እኛም መስኮቱ ጋ እንሮጣለን። ከዚያ ወዲህ ትዕዛዝ ጠፍቶብን አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ ማናጀሩ ለባለቤቶቹ ሲያስረዳ የራሱ ፈጠራ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ይውሰደው።

ሼፉ ግን ስሜን ጠርቶ አያውቅም። ምግብ ሲወጣ መስኮቱን በማንኪያ መታ መታ ያደርግና፣ ሙሉ አዳራሹ እየሰማ፣ "ትሁቱ! 14 ቁጥር! ኦሪጅናሉ ነው!" ይላል።